ቅጠሉ የቱን ነው የሚያክመው?

በ2024 አጋማሽ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ካላወራሁት አላርፍም። የሻንግሃዩ ፉዳን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒሲኦኤስ ላለባቸው 19 ሴቶች ለ12 ሳምንት የወባ መድኃኒት ሰጧቸው። አዎ፣ የወባ! ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒን ይባላል፤ ኮአርተም ውስጥ ላለው አርቴሜተር የቅርብ ዘመድ ነው። ከ19ኙ የ12ቱ የወር አበባ ጊዜውን ጠብቆ መምጣት ጀመረ፤ በደማቸው ውስጥ የነበረው የቴስቶስትሮን መጠንም ወረደ። የመድኃኒቱ ምንጭ ደግሞ ቅጠል ነው፤ አርቴሚሲያ አኑዋ የምትባል፣ የእኛ አሪቲ ወገን የሆነች ተክል።

ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፦ «በቃ፣ ቅጠል ያድነዋል ማለት ነዋ!» ቆይ፣ ቆይ። መልሱ ከ«አዎ» እና ከ«አይ» ይልቅ ደስ የሚል ነው። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ሕመሙ ራሱ እንግባባ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፒሲኦኤስ ሙሉ ስሙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ነው። ስታይንና ሌቬንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች በ1935 በሰባት ሴቶች ላይ ያዩትን ጽፈው አሳወቁ፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ መቶ ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት አለባቸው ይላል። እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ደግሞ ችግሩ እንዳለባቸው ሳያውቁ ነው የሚኖሩት። ሐኪም «አለብሽ» ለማለት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱን ይፈልጋል፦ የወር አበባ መዛባት ወይም መጥፋት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛት (በደም ምርመራ፣ አለዚያም በፂምና በብጉር የሚታይ)፣ በአልትራሳውንድ ደግሞ በትንንሽ ከረጢቶች የተሞላ ኦቫሪ። ከሦስተኛው ይልቅ ኤኤምኤች የተባለውን ሆርሞን በደም መለካትም ይቻላል፤ ይህ በ2023 በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአዋቂ ሴቶች ተፈቅዷል።

እነዚያ ትንንሽ ከረጢቶች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። «ሲስት አለብሽ» የተባለች ሴት በቀዶ ጥገና የሚወጣ እብጠት ነው የሚታያት። አልትራሳውንዱ ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች ግን እንቁላል የያዙ፣ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ ከረጢቶች ናቸው። ስለዚህ «ሲስቱን የሚያሟሟ ሥር» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው፣ የሚያሟሟው እብጠት የለም።

ከረጢቶቹ ለምን ቆሙ? እዚህ ጋ ኢንሱሊን ይገባል። ብዙ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ጆሮ አይሰጥም። ጎረቤቱ እንደደነቆረበት ሰው አስቡት፦ ጎረቤት አልሰማ ሲል ድምፅ ከፍ ይደረጋል፤ ቆሽትም እንዲሁ ጡንቻ አልሰማ ሲለው ኢንሱሊን ይጨምራል። ችግሩ ኦቫሪ ደንቆሮ አለመሆኑ ነው። እሱ ጩኸቱን በደንብ ይሰማል፤ ሲሰማም ቴስቶስትሮን ያመርታል። በዚያ ላይ ኢንሱሊን ሲበዛ ጉበት ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ማምረት ይቀንሳል፤ ነፃ የወጣው ሆርሞን ፊት ላይ ፂም፣ ጀርባ ላይ ብጉር ሆኖ ይታያል። ከረጢቶቹ አይበስሉም፣ እንቁላል አይወጣም፣ የወር አበባ ይጠፋል።

እንግዲህ አንድ ስም ለአራት ዓይነት ጭንቀት ተሰጥቷል፦ የወር አበባ፣ ፀጉርና ብጉር፣ ስኳርና ክብደት፣ ልጅ። አንዷ ሴት ስለ ልጅ እንቅልፍ አጥታለች፤ ሌላዋ ልጅ አሁን አትፈልግም፣ የአገጯ ፀጉር ነው ከሰው የሸሸጋት። ለዚህ ነው አንድ ሰው «ይሄ ቅጠል ፒሲኦኤስ ያድናል» ሲለኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ የሆነው፦ የቱን? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ጥናቶቹን ስታነቡ ሁሉም ነገር ፍንትው ይላል።

በናና እንጀምር፤ ታሪኩ በጣም ነው የሚያስቀኝ። ቱርክ ውስጥ ኢስፓርታ በምትባል አካባቢ የናና ሻይ የሚያዘወትሩ ወንዶች የፍትወት ስሜታቸው እንደቀነሰ ያማርሩ ነበር። የአካባቢው ተመራማሪዎች ቅሬታውን ሰምተው ዝም አላሉም። መጀመሪያ በአይጥ ሞከሩት፤ ቀጥለው ለወንዶቹ የከፋው ለሴቶች ሊበጅ ይችል ይሆን ብለው አሰቡ። በ2007 ያልተፈለገ ፀጉር ያስቸገራቸው 21 ሴቶች ለአምስት ቀን በቀን ሁለት ጊዜ የናና ሻይ ጠጡ፤ ነፃ ቴስቶስትሮናቸው ቀነሰ። በ2010 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ 42 ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ናና፣ ግማሾቹ ሌላ የቅጠል ሻይ ለ30 ቀን ጠጡ። የናናዎቹ ቴስቶስትሮን ወረደ። ሴቶቹም «ፀጉሬ ቀንሷል» አሉ። ሐኪሞቹ በመለኪያቸው ሲያዩት ግን የፀጉሩ መጠን አልተለወጠም።

ይህ ልዩነት ናናን አያስንቃትም። ፀጉር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገውና የሚረግፈው፤ በሐኪም የሚታዘዙት የፀጉር መድኃኒቶች እንኳ ውጤታቸው እስኪታይ ስድስት ወር ገደማ ይጠበቃል። በ30 ቀን ለውጥ መጠበቅ ከመጀመሪያውም የማይሆን ነበር። የሚያሳዝነው ያንን ሙከራ ስድስት ወር አድርጎ፣ ብዙ ሰው ይዞ የሚደግም መጥፋቱ ነው። የናና ሻይ የፈጠራ ባለቤትነት አያስገኝም፤ ገንዘብ የሚያፈስስበት ማን ነው? እስከዚያው ናና የቱን ይነካል ብትሉኝ፣ ሆርሞኑን ይነካል፣ ፀጉሩን ሲነካ ግን አልታየም እላለሁ። ከምሳ በኋላ መጠጣት ከወደዳችሁ ጠጡ፤ እኔም እወደዋለሁ።

ቀረፋ ሌላ ጫፍ ነው የሚነካው። ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት በ2014 ታተመ። 45 ሴቶች ገቡበት፤ ግማሾቹ በቀን 1.5 ግራም ቀረፋ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ እንክብል ለስድስት ወር ወሰዱ። ቀረፋ የወሰዱት የወር አበባቸው ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ መጣ። ጥሩ ዜና ነው! ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ስድስቱን ወር የጨረሱት 17 ሴቶች ብቻ ናቸው። ደግሞም ቀረፋ ይሠራል የተባለው ለኢንሱሊን ጆሮ በመክፈት ነበር፤ ሲለካ ግን የኢንሱሊኑ ነገር አልተሻሻለም። ውጤቱ መጥቶ ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር፣ ሳይንቲስት ደስ ከመሰኘቱ በፊት ይጠራጠራል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ካሲያ የተባለው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው፣ በማንኪያ እየተዛቀ ለወራት ሲወሰድ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ሻይ ውስጥ የምትገባው አንድ ስንጥር ሌላ ነገር ናት፤ እሷን ማንም አይከለክላችሁም።

አብሽስ? እናቶቻችን ለአራስ የሚያጠጡት አብሽ ፍሬው ሲነከር የሚያንሸራትት ልጋግ ያወጣል፤ ያ ልጋግ ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ለስኳር በሽታ የተጠናውም ለዚህ ነው። ፒሲኦኤስ ላይ ኢራን ውስጥ ሜትፎርሚን ከተባለው የስኳር ክኒን ጋር ደርበው ሞክረውታል፤ የኦቫሪው መልክ በአልትራሳውንድ ተሻሻለ፣ የኢንሱሊኑ ጉዳይ ግን ለውጥ አላሳየም። ሕንድ ውስጥ በ50 ሴቶች ላይ የተሞከረውና ማስታወቂያዎች የሚጠቅሱት የአብሽ ጭማቂ ደግሞ ጭራሽ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ጥቁር አዝሙድም ትንንሽ ሙከራዎች አሉት፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ማነጻጸሪያ ቡድን እያልኩ የምነዘንዘው ለምን መሰላችሁ? ፒሲኦኤስ ላይ ይህ ነገር ከሌላው ሕመም ሁሉ የበለጠ ያስፈልጋል። የወር አበባዋ በሁለት ወር፣ በሦስት ወር፣ ደስ ባለው ጊዜ የሚመጣባትን ሴት አስቡ። ሦስት ወር ጠብቃ፣ ተጨንቃ፣ አንድ ዱቄት ገዝታ መጠጣት ትጀምራለች። በሳምንቱ ደም መጣ። ምንም ባትጠጣም ሊመጣ ይችል ነበር! ሰው መድኃኒት የሚፈልገው የጭንቀቱ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚመጣው ነገር ሊመጣ ተቃርቧል። ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት የተጠጣው ነው። ምስክርነት የምትሰጠው ሴት አልዋሸችም፤ እውነቷን ነው የነገረቻችሁ። በዕጣ ተከፍለው ሌላ ነገር የጠጡ ሴቶች አጠገቧ ስለሌሉ ነው እኛ ማወቅ የማንችለው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ፦ ልጅ። በዚህ ቻይናውያን አንድ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ሁዋንግሊያን ከሚባለው መራራ ሥርና ከሌሎች ተክሎች የሚወጣ ቢጫ ንጥረ ነገር አለ፤ በርበሪን ይባላል። ስኳርና ኢንሱሊን ላይ ኃይል እንዳለው በብዙ ሙከራ ታይቷል፤ ዛሬ በኢንተርኔት የሚሸጡ «የሆርሞን» እንክብሎች ውስጥ ስሙ የማይጠፋውም ለዚህ ነው። በ2016 የታተመ ሙከራ 644 ልጅ የሚፈልጉ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶችን በሦስት ከፈለ፦ ሌትሮዞል ብቻ፣ በርበሪን ብቻ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። ሌትሮዞል ለጡት ካንሰር የተሠራ፣ ዛሬ ግን ለፒሲኦኤስ እንቁላል ለማስወጣት በቀዳሚነት የሚታዘዝ ክኒን ነው። ልጅ ታቅፈው የወጡት ሌትሮዞል ከወሰዱት 36 በመቶ፣ ሁለቱን ከወሰዱት 34 በመቶ፣ በርበሪን ብቻ ከወሰዱት 22 በመቶ ሆኑ። ተክሉ ብቻውን አነሰ፤ ክኒኑ ላይ ሲደረብም የጨመረው ነገር የለም። ይህ ቁጥር በእጄ ከገባ ወዲህ፣ ልጅ የምትፈልግ ጓደኛዬ በርበሪን ገዝታ ዓመት ስታባክን ዝም ብዬ ላይ አልችልም።

ብዙ ሥርና ቅጠል ቀላቅሎ ስለሚያፈላው ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምናስ? ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን አበጥሮ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም በ2021 ስምንት ሙከራዎችን፣ 609 ሴቶችን አገላብጦ ማስረጃው አይበቃም አለ። ከስምንቱ ሙከራዎች ስንት ልጅ በሕይወት ተወለደ የሚለውን የመዘገበ የለም። ልጅ የጠፋባትን ሴት እያከሙ ልጁን ሳይቆጥሩ መጨረስ ይገርማል።

እስካሁን ያወራሁት ተስፋ የሚያስቆርጥ ከመሰላችሁ፣ ጥንቱን ከወሬ ያላረፍኩበትን ክፍል ስሙ። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የምትባል ወይን ጠጅ አበባ ያላት ተክል አለች። የድሮ ሰዎች ለትኩሳትም፣ ጥሙ ለማይረካና ሽንት ለሚያመላልሰው ሰውም ይሰጧት ነበር። ጋሌጂን የሚባለው ንጥረ ነገሯ ስኳር ያወርዳል፤ ግን መርዝ ነው፣ በጎችም በልተዋት ይሞታሉ። በ1920ዎቹ በሰው ላይ ተሞክሮ ተተወ። በ1922 ደብሊን ላይ ቬርነርና ቤል የተባሉ ኬሚስቶች ከጋሌጂን ጋር የሚዛመድ አንድ ቅመም ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠሩ። ዣን ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ በ1957 ያንን ቅመም ለስኳር ሕመምተኞች መስጠቱን አሳተመ። ቅመሙ ሜትፎርሚን ነው! አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነበር፤ በዚያው ዓመት ከቬኔዙዌላ የወጣ ጥናት ለፒሲኦኤስ ሊረዳ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ የማህፀን ሐኪም «ሜትፎርሚን ጀምሪ» ሲላችሁ የምትውጡት ክኒን የዘር ሐረጉ ሜዳ ላይ የበቀለ ተክል ጋ ይደርሳል። ታዲያ ጋሌጋን ብታፈሉ? ስንት ሚሊግራም እንደጠጣችሁ ሳታውቁ መርዙን ትጠጣላችሁ። ከተክሉ የተረፈው ጥቅም በክኒኑ ውስጥ አለ፤ ጉዳቱ ወጥቶለት፣ መጠኑ ተለክቶ።

የወባዋም ቅጠል መንገድ ይኸው ነው። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ በ1971 ቅጠሏን ስታፈላ ኃይሏ እየጠፋባት ተቸግራ፣ ጌ ሆንግ በሚባል ጥንታዊ ሐኪም መጽሐፍ ውስጥ ቅጠሉን በውኃ ነክሮ መጭመቅ እንጂ ማፍላት እንዳልተጻፈ ልብ አለች። አርቴሚሲኒን የተባለውን ንጥረ ነገር በዝቅተኛ ሙቀት፣ በኢተር አወጣችው፤ ተሳካ። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። የፉዳን ተመራማሪዎች ያገኙት ደግሞ የዚህ ንጥረ ነገር ዘመዶች ኦቫሪ ውስጥ ገብተው፣ ኮሌስትሮልን ወደ ሆርሞን የመቀየሩን የመጀመሪያ እርምጃ የሚሠራው ኢንዛይም ቶሎ እንዲፈርስ ማድረጋቸውን ነው። ጥሬ ዕቃው ከመግቢያው ተዘጋ፤ ቴስቶስትሮን ቀነሰ። እንዴት የሚያምር ሐሳብ ነው! ግን 19 ሴቶች ናቸው፤ ማስመሰያ የወሰደ ቡድን አልነበረም፣ ለዓመታት ሲወሰድ ምን ያስከትላል የሚለውም ገና ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ማንም ተነስቶ ፋርማሲ ሄዶ ኮአርተም እንዳይገዛ። የወባ ሕክምና ሦስት ቀን ነው፤ የፉዳኑ 12 ሳምንት። አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም የወባ ተሕዋስ በኢትዮጵያም በኤርትራም ተገኝቷል፤ መድኃኒቱን ያለቦታው ማባከን የጎረቤትን ልጅ ሕይወት ማባከን ነው። አሪቲ ማፍላትም አያዋጣም፤ ወገንነቷ እንዳለ ሆኖ፣ አርቴሚሲኒን የሚገኘው ከአርቴሚሲያ አኑዋ ነው፣ እሷም ብትሆን ማፍላት እንደማይስማማት አይተናል።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር አልጨርስም። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት መሃን አይደለችም፤ ሳትጠብቀው እንቁላል ሊወጣ ይችላል። የወር አበባዋ መቅረቱን ስለለመደችው ግን ብታረግዝ እንኳ ለወራት ላታውቅ ትችላለች። በዚህ መሃል «ደም የሚያወርድ» ቅጠል ታፈላለች። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው የጤና አዳም ቀንበጥ ሌላ፣ በብዛት ተቀቅሎ የሚጠጣው ጤና አዳም ሌላ ነው፤ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል። በርበሪንም በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ አይወሰድም፤ አራስ ሕፃን ላይ የሚታየውን ቢጫ በሽታ ያባብሳል። ደግሞም ደም መምጣቱ እንቁላል ወጣ ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የተገላቢጦሹም አለ። የወር አበባ ለብዙ ወራት ሲጠፋ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሳይታጠብ እየወፈረ ይሄዳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ይህ ብዙዎች ላይ የሚደርስ አደጋ አይደለም፤ መከላከያው ቀላል ስለሆነ ግን ማንም ሊደርስበት አይገባም። ሐኪም በየጊዜው ደም የሚያመጣ ሆርሞን ያዝዛል፣ ያልቃል። ቅጠል እየጠጡ «ይመጣል» እያሉ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው አደገኛው።

በስም የለሽ ከረጢት ስለሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ፍርዴ አጭር ነው፤ አትግዙ። ምን እንዳለበት የማይነገር ነገር «የቱን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ቤታችሁ ያለውን ናና፣ ቀረፋና አብሽ በምግብ ልክ ተጠቀሙ። ስኳር ካስቸገራችሁ እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ከማንኛውም ቅጠል የተሻለ ማስረጃ አላቸው። የወር አበባችሁ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጉ፣ ቀጥሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱም የምትጠጡትን ሁሉ፣ እናታችሁ ያፈላችላችሁንም ሳይቀር፣ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሜትፎርሚንም ሌላም ሲያዝላችሁ ያንን ማወቅ አለበት።